መመለሻው ክፍት ነው

ካፒቴን አውሮፕላን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ስሙን ሰፈሩ ያወጣለት ለቀልድ ነው። ከጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ሥር ባለችው ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀምጦ ዓመት እስከ ዓመት ሰውን ወደ ሰማይ ሲልክ ይውላል፤ እሱ ግን ከዚያች ወንበር ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ የማታውቀው ነገር ብዙም አልነበራትም፤ ቢያንስ እንደዚያ ታስብ ነበር።

እሷን ሰው የሚጠራት «ወይዘሪት ሜትር» እያለ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራ፣ ባንክ ቤት ተቀጥራ፣ ደህና ወንበር ላይ ተደላድላ ሳለ አንድ ቀን «በቃኝ» ብላ ወደ አባቷ ሱቅ ተመለሰች። ዘመድ አዝማድ ጉድ አለ። አባቷ ግን የካውያውን ጠረጴዛ ጫፍ አጸዳላትና «ላፕቶፕሽን እዚህ ጋ አድርጊ፤ ካውያው ሲግል ብቻ እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ» አላት።

አንድ የስልክ አፕ የሠራችው በዚያ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነው። ሰውን በስልክ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ፎቶ አንሥቶ ልኩን ያወጣል፤ ለሰፊው ጨርቁ በየት በየት እንደሚቆረጥ ያሳያል። ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች መጀመሪያ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ሳቁባት። ኋላ አንዱ ሞከረው፣ ለጎረቤቱ ነገረው፣ ጎረቤቱም ለወንድሙ፤ አሁን «የኛዋ ልጅ» እያሉ ይኮሩባታል።

ወሬው ሩቅ ደረሰ። የቴክኖሎጂ ሰዎች እንደ አሸን በፈሉባት በዚያች ትልቅ ከተማ ያለ አንድ ኩባንያ «ይምጡና ያሳዩን» ብሎ ጻፈላት። ትኬቱንም እኛው እንላክልዎ ብለው ነበር። «የራሴን መንገድ ራሴ አቅዳለሁ» ብላ መለሰችላቸው። ልጅቷ እንዲህ ናት።

ወደ ካፒቴን ቢሮ የገባች ቀን ሜትሯን ከአንገቷ ማውለቅ ረስታ ነበር። እሱ የቢሮውን ስልክ በጆሮውና በትከሻው መሃል ሸጉጦ፣ በሁለት እጁ ኪቦርዱን እየመታ፣ በዓይኑ «ይቀመጡ» አላት። ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ የአራት ከተማ ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ጭራዋ ተሰብሮ በፕላስተር የተጠገነ ትንሽ የመጫወቻ አውሮፕላን አለች። እሷ ግን ያየችው ትከሻውን ነው። የልብስ ሰፊ ዓይን ክፉ ልማድ አለበት፤ ሰውን ከማየቱ በፊት ይለካዋል። የግራ ትከሻው ከቀኙ ከፍ ብሎ ቀርቷል። ቀጥሎ ፊቱን አየች። ፊቱ ላይ የሚስተካከል ነገር አላገኘችም።

«ምን ልርዳዎት?» አለ ስልኩን ዘግቶ።

የምትሄድበትን ከተማ ነገረችው።

«ለሥራ ነው ለጉብኝት?»

«ለሥራ። አሳምኛቸው ልመለስ ነው።»

«ሰው እኮ ብዙ ጊዜ ሄጄ ልሞክር ነው የሚለው።»

«ልሞክር ብዬ ትኬት አልቆርጥም።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ፤ ጥያቄው ደግሞ የሌላ ወኪል ጥያቄ አይመስልም።

«ሲርብዎት ይቆጣሉ ወይስ ዝም ይላሉ?»

«ይሄ ደግሞ ከትኬት ጋር ምን አገናኘው?»

«ለትራንዚቱ ነው። ሲርበው የሚቆጣ ሰው ላይ ረጅም ትራንዚት አልጭንም፤ የሰው ነፍስ እንዳይጠፋብኝ።»

«እቆጣለሁ።»

«ገምቼ ነበር።»

እንቅልፏ ቀላል እንደሆነ፣ መንገድ ስትጀምር ትቸኩል እንደሆነ፣ ሰው ፊት ከመቅረቧ በፊት ማውራት ትፈልግ ወይስ ዝም ማለት፣ ይህን ሳይቀር ጠየቃት። ከዚያ ስለ ከተማይቱ ነገራት። ከባቡሩ ስትወጪ በግራ በኩል ውጪ፣ በቀኝ ያለው መውጫ ዳገት ነው፤ ከቀትር በኋላ ከባሕሩ የሚመጣ ነፋስ አለ፣ ወፍራም ልብስ ያዢ፤ ሻይ ቤቱ ሁሉ ላፕቶፕ የከፈተ ልጅ ነው፣ ከጎንሽ የተቀመጠው ሁሉ ስለ ሐሳቡ ሊያወራሽ ይችላል፣ ቶሎ አትመኝው። ሲያወራ «እርስዎ» ማለቱን ረስቶት ነበር። እሷ ልብ ብላለች፤ እሱ ግን አላወቀውም።

«ስንት ጊዜ ሄደህ ነው ይሄን ሁሉ ያወቅኸው?» አለችው፣ እሷም እንደዋዛ ወደ «አንተ» ተሻግራ።

የአውሮፕላኗን ጭራ ነካ ነካ አደረገ።

«አንድም ጊዜ አልሄድኩም።»

«ሌላ አገርስ?»

«አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱም አልከፋውም፤ ለምዶታል። ደንበኛ ሁሉ ከመንገዱ ሲመለስ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየውን ሳይነግረው እንደማይሄድ አጫወታት።

«ታዲያ አንተ ለምን አትሄድም?»

«ሰው የሚሄደው የሚጠብቀው ስላለ ነው» አለ። «ሥራ ይጠብቀዋል፣ ዘመድ ይጠብቀዋል። እኔን የትም የሚጠብቀኝ የለም።»

ለቅሶ አልነበረበትም፤ ሰዓት የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። ለዚህም ይሆናል አንጀቷን የበላት።

ከዚያ ወዲህ ያ ጉዞ ማለቂያ አጣ። አንድ ቀን ወንበሩን ለመቀየር ሄደች። ሌላ ቀን ሆቴሉን። ደግሞ አንድ ቀን የቀየረችውን ወንበር ወደነበረበት ለመመለስ። እሱም «ይሄ በስልክም ያልቅ ነበር» አላለም፤ ይልቅ ከጥርስ ሐኪሙ ቤት ሁለት ሻይ ያስመጣል። ለዚያ ለቆመው ሰዓት ሳይቀር ባትሪ ገዛለት። የምትሄድበት ከተማ ሰዓት ነበርና።

አባቷ ግን ከመነጽሩ በላይ እያያት፣ «አንቺ ልጅ፣ እስካሁን በእግርሽ ብትነሺ ትደርሺ ነበር» አላት።

«ጉዞ በደንብ ነው የሚታቀደው፣ አባዬ።»

«ይታቀድ። እኔ ምን አልኩ?»

ለኩባንያው የምታሳየው አንድ ኮት ያስፈልጋት ነበር፤ አፑ ለክቶት፣ አፑ ባሳየው ተቆርጦ፣ ሰው ለብሶት የታየ። ማንን እንደምትለካ ሁለት ጊዜ አላሰበችም። ካፒቴንን ሱቁ ውስጥ መስተዋቱ ፊት አቁማ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ፎቶ አነሣችው። አባቷ ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ አወረደ፣ እሷ ቆረጠች፣ አብረው ሰፉት።

ኮቱ ሲያልቅ አለበሰችው። ግራው ትከሻ ላይ ጨርቁ ተጨማዷል፣ ቀኙ ተንጠልጥሏል፣ ኮሌታው ከአንገቱ ሸሽቷል። የሰፈሩን ሁሉ ሰው የለካ አፕ ይህን ሰው አበላሸው።

«ኮቱ ደህና ነው» አለ ካፒቴን። «የተጣመምኩት እኔ ነኝ። የቢሮው ስልክ ነው ያጣመመኝ።»

ላፕቶፗን ከፈተች፣ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። ስታገኘው ግንባሯን መታች። አፑ አንዱን ጎን ብቻ ይለካና ሌላውን «እንደዚያው ነው» ብሎ ይገለብጠው ነበር። እሷው ናት እንዲያ ያዘዘችው። ይህን ይዛ እዚያ ትልቅ አዳራሽ ብትቆም ኖሮ የሁሉም መሳቂያ ነበረች።

«የተጣመምከው አንተ አይደለህም» አለችው። «የሰው ሁለቱ ጎን እኩል ነው ብዬ ያሰብኩት እኔ ነኝ።»

መዳፏን ከፍ ባለው ትከሻው ላይ አሳረፈች። ልትለካ ነበር። ግን ሜትሩን አላነሣችም፣ እጇንም አላነሣችም። በመስተዋቱ ውስጥ ተያዩ። አባቷ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገና ክር ልግዛ ብሎ ወጣ። ሱቁ ውስጥ ክር ሞልቶ ነበር።

«ሰው ይሄን ትከሻ አይቶ የሚያውቀው ለመሳቅ ነው» አለ ካፒቴን በቀስታ።

«እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው» አለች።

ኮቱን አወለቀችና ገበሩን ገልብጣ አሳየችው። አባቷ ልብስ ሲቆርጥ ከስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ሳይተው አይቆርጥም። ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ይለወጣል፤ ልብሱ አብሮት መኖር አለበት ይላል። ለወደደው ሰው ሲሰፋ ደግሞ ሦስት ጣት ይተዋል። በዚህ ኮት ውስጥ የታጠፈው ሦስት ጣት ነበር።

«አባትሽ ነው የተወው ወይስ አንቺ?»

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለችና ትከሻውን መተርተር ጀመረች። በዚያው ትርፍ አስተካከለችው። ሲለብሰው እንደ ቆዳው ተቀመጠለት። «ይሄ ያንተ ነው፤ ለማሳያ ሌላ እሰፋለሁ» አለችው። አፑንም ሁለቱንም ጎን ለየብቻ እንዲለካ አድርጋ አረመችው።

እንግዲህ ጉዞው እንደሚሳካ ቅንጣት አልተጠራጠረችም። ያሳሰባት ሌላ ነው። ስትመለስ ይህ ሰው የሷ ይሆናል ወይስ ከደንበኞቹ እንደ አንዷ ያየችውን ጠይቆ ይሸኛት ይሆን? በቀጥታ መጠየቅ ለሷ እንኳ ከበዳት። ስለዚህ በሱ ቋንቋ ተናገረች። «የመመለሻዬን ቀን አንተ ቁረጥልኝ» አለችው። አንድ ሰው ቶሎ ነይ እንዲላት ነበር የፈለገችው።

ትኬቷን ልትወስድ የሄደች ዕለት ካፒቴን ኮቱን ለብሶ ነበር። መሄጃውን ነገራት፣ ትራንዚቱን ነገራት፣ ሆቴሉን ነገራት።

«መመለሻውስ?»

«ክፍት አድርጌዋለሁ።»

«ክፍት ማለት?»

«ቀን የለውም። በፈለግሽ ጊዜ ትመጫለሽ።»

«ቀን ቁረጥልኝ ብዬህ ነበር።»

«ያቺ ከተማ ሰው ታስቀራለች» አለ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ። «ስንቱን ልኬ አይቻለሁ። ምናልባት እነሱም ቅሪ ቢሉሽ...»

«እና አንተ ቀድመህ ቅሪ አልከኝ።»

«እንደዚያ አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

ቀኑን ሙሉ በስልክ ሲያወራ የሚውል ሰው አንዲት ቃል ጠፋችው። ያኔ ስልኩ ጮኸ፤ ከልማዱ ብዛት አንሥቶ ትከሻው ላይ ሸጎጠው።

ትኬቱን አነሣችና፣ «አመሰግናለሁ። ሥራዎን በሚገባ ሠርተዋል» አለችው።

ያቺ «ሥራዎን» ከጥፊ ትከፋ ነበር። ስልኩን ጥሎ በሩ ድረስ ተከተላት፤ እሷ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ጥጉን ታጠፈች።

ለአባቷም አልነገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ሻንጣዋን ዘጋች፤ በማግስቱ በረረች።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተጣላችው ሰው በደረሰችበት ሁሉ ቀድሟት ይጠብቃታል። የመስኮት ወንበሯ ከክንፉ ፊት ነው፤ ምንም አይከልላትም። ትራንዚቱ ረሃብ ሊያስቆጣት ሲል ያልቃል። የሆቴል ክፍሏ ከአሳንሰሩ ርቆ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ኮሽታ የለም። ከባቡሩ በግራ በኩል ስትወጣ መንገዱ ሜዳ ሆኖ ጠበቃት፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ወፍራም ልብስ ለብሳ ነበር። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች ብቻዋን መንገድ ላይ። መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ የምትቆጣበት ቦታ አሳጣት።

የማሳያው ቀን ደረሰ። ክፍሉ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው መስታወት፣ ጠረጴዛው ረጅም፣ ከያንዳንዱ ሰው ፊት የተከፈተ ላፕቶፕ። ሥራ አስኪያጇ ጠና ያለች፣ ነገር በአጭሩ የምትወድ ሴት ናት።

«ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ያሳዩን ነበሩ» አለች። «እኛ ላይ ሲሞከር ግን አልሠራም።»

«የሁላችሁም ሁለት ጎን እኩል ነው ብለው ስላሰቡ ይሆናል» አለች ወይዘሪት ሜትር። ዙሪያውን ቃኘችና አንድ ግዙፍ ሰው መረጠች፤ ቦርሳውን ዕድሜ ልኩን በአንድ ትከሻ የተሸከመ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ፎቶ አነሣችው። የአፑ ልክ ወጣ። ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ፣ ሁሉም እያየ፣ ቀኙንም ግራውንም በእጇ ለካችው። ልኩ ዝንፍ አላለም። ሰውየው ራሱ ትከሻውን በመስታወቱ እያየ፣ «ሸሚዝ ሁሉ የሚያስጠላብኝ ለካ ለዚህ ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ላፕቶፑን የከደነ ሰውም ነበር፤ ለማየት።

ሥራ አስኪያጇ ለማሳያ የመጣውን ኮት ገልብጣ ገበሩን መረመረች። ዓይኗ ስለታም ነው።

«ይሄ ወደ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ ምንድን ነው? አይታይም፣ አይሠራም። ብክነት አይደለም?»

«አይደለም» አለች። «ይሄ ሰፊው ለለባሹ የሚተውለት ነው። ሰው ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ልኩን ዛሬ ላይ ድርቅ አድርገህ ከዘጋህበት፣ ሲለወጥ ልብሱን ይጥለዋል። ቦታ ከተውክለት ግን ይዞት ይኖራል። ሰፊ ይህን የሚተወው ልብሱ እንዲቀር ስለማይፈልግ ነው። በተለይ ለሚወደው ሰው...»

እዚህ ላይ ንግግሯን አቋረጠች። ሦስት ጣት። ካፒቴን እኮ መመለሻዋን ክፍት ሲያደርግ ሦስት ጣት ነበር የተወላት፤ እሷ ግን እንደ መሰናበቻ ቆጠረችበት። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆና ስፌት አላወቀችም። በራሷ ሳቀች፤ ሰዎቹ ምን እንዳሳቃት ግራ ገባቸው።

ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጇ ለብቻዋ ጠራቻት። «እንፈልግሻለን» አለች በአጭሩ። «እዚህ ጠቅልለሽ ነይ። መመለሻሽ መቼ ነው?»

«መመለሻዬ ክፍት ነው» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጀርባዋ ቀና አለ። ማንም አልጠራትም፣ ማንም አልያዛትም። የጠየቀችው ራሷን ብቻ ነበር፤ መልሱም ዝግጁ ሆኖ ጠበቃት። «ሥራው እዚህ እግሩን እስኪተክል እቆያለሁ። ከዚያ ወዲያ እየተመላለስኩ እሠራለሁ። ኑሮዬ ግን መቀሱ ያለበት ነው። ይሄ አፕ የሚማረው ከሰው ትከሻ ነው፤ ከዚህ ፎቅ ላይ አይታይም።»

ሥራ አስኪያጇ ለአፍታ አየቻትና እጇን ዘረጋች። «እስማማለሁ» አለች።

በማግስቱ ጧት፣ እዚያ ማዶ ቢሮው የሚከፈትበትን ሰዓት ጠብቃ ደወለች።

«የጉዞ ወኪል፣ ምን ልርዳዎት?»

ድምፁ ደክሟል። ተረጋግታ፣ «አንድ ትኬት ፈልጌ ነበር» አለች።

አወቃት።

«ከየት ወደ የት?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከእርስዎ ቢሮ እኔ ወዳለሁበት።»

«ለማን?»

«አውሮፕላን ላይ ወጥቶ ለማያውቅ ሰው። የመስኮት ወንበር ይሁንለት፤ ደመና ከላይ ምን እንደሚመስል አላየም።»

«ሲርበው ይቆጣል ወይስ ዝም ይላል?»

«ዝም ነው የሚለው። መናገር ያለበት ሰዓት ሳይቀር።»

በስልኩ ውስጥ ኪቦርዱን ሲመታ ተሰማት።

«የሚጠብቀው ሰው አለ?» አለ።

«አለች። ቆማ ነው የምትጠብቀው።»

«ሥራውስ?»

«አሳመንኳቸው። ልሞክር ብዬ አልሄድም ብዬህ የለ?»

«አንተ» ሲባል መቀመጫው ላይ መደላደሉ በስልክ ይሰማ ነበር። «ስሚኝ» አለ። «መመለሻሽን የተውኩት እንድትቀሪ አይደለም። እኔ ጎትቼሽ ብትመጪ፣ አንድ ቀን ያን ከተማ በኔ ምክንያት ያጣሽው ይመስልሻል ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ሦስት ጣት ነው የተውክልኝ። እንዲገባኝ ግን ይሄን ሁሉ አገር መሻገር አስፈለገኝ። ይቅር በለኝ።»

«እኔም መናገር ነበረብኝ። እወድሻለሁ። ያን ቀን ይሄንን ብል ይበቃ ነበር።»

«ስልኩን በትከሻህ ነው የያዝከው?»

«አዎ።»

«በእጅህ ያዝና ድገመው።»

ያዘና ደገመው።

«እኔም እወድሃለሁ» አለች። «ቪዛውን እንዴት እንደምትጨርስ እኔ አልነግርህም። የሁለታችንን መመለሻ ደግሞ እዚህ ስትደርስ አብረን እንቆርጠዋለን።»

ቪዛው የሚፈጀውን ያህል ፈጀ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ አየር ማረፊያው መውጫ ላይ ቆመች። ሰው ጎረፈ። ካፒቴን ከመሃላቸው ወጣ፤ ሰማያዊውን ኮት ለብሶ፣ የአንድ ግራ የገባቸው ሽማግሌ ክንድ ይዞ፣ «ባቡሩ በዚህ በኩል ነው አባቴ፤ በግራ ይውጡ፣ በቀኝ ዳገት ነው» እያለ። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ የኖረ ነው የሚመስለው። ሽማግሌውን ሸኝቶ ቀና ሲል አያት፤ ያኔ እግሩ መንገዱ ጠፋው።

እሷው ሄደችለት። አቅፋው ብዙ ከቆየች በኋላ ራቅ አለችና በልብስ ሰፊ ዓይኗ ቃኘችው። ከባዱን ቦርሳ አንድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል።

«ይሄን ሁሉ መንገድ በዚህ ትከሻ ተሸክመኸው መጣህ? ከነበረው የባሰ ሊጣመም ነው እኮ።»

«ይጣመም» አለ። «ልኬን የምታውቅ አለች።»